ወተቱ መቼ ታለበ?

ሱሉልታ ላይ ሌሊቱ 11 ሰዓት ሲል ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋው ሜዳ ገና በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ወደ ጎጃም በሚወስደው አስፋልት ላይ የጭነት መኪኖች መብራታቸውን እያበሩ ያልፋሉ። በረቱ ውስጥ ግን ሙቀት አለ። አንዲት የአገር ላምና ሁለት የፈረንጅ ድቃሎች ትንፋሻቸው እየጨሰ ያመሰኳሉ። የቤቱ እመቤት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ የላሚቱን ጡት ለብ ባለ ውኃ አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከጎናቸው ያለው ማለቢያ አፉ ተከድኗል። ክዳኑ የሚነሳው የመጀመሪያው ጭማቂ መሬት ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው፤ ጡቱ ጫፍ ላይ ያደረው ቆሻሻ አብሮት ይወጣልና።

ሥራውን የምትጀምረው ጥጃዋ ናት። የአገር ላም ጥጃዋን ሳታሸትና የጥጃዋ አፍ ጡቷ ላይ ሳያርፍ ወተቷን አታወርድም። ጥጃዋ ጥቂት ስትጠባ የላሚቱ አንጎል ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ሆርሞኑ ጡት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ከረጢቶች ጨምቆ ወተቱን ወደ ታች ይገፋዋል። ጊዜው አጭር ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ላሚቱ በመካከል ከደነገጠች፣ ውሻ ከጮኸባት ወይም የማታውቀው ሰው ከተጠጋት ወተቷን ትይዛለች። እመቤቲቱ "አይዞሽ ዳለቻ፣ አይዞሽ እናቴ" እያሉ የሚያልቡት፣ እኔም ከበረቱ በር ውጭ እንድቆም የተነገረኝ ለዚህ ነው።

በአንድ አለባ ውስጥ እንኳ ወተቱ አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ የሚወርደው ቀጭን ነው፤ ስቡ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ላይበልጥ ይችላል። አለባው ሊያልቅ ሲል ተጨምቆ የሚወጣው ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ስብ ይይዛል፤ ምላስ ላይ ይከብዳል፤ መልኩም ወደ ቢጫ ያደላል። ለጥጃ የመጨረሻውን ወተት የሚተው አላቢ ምርጡን ሰጥቷታል ማለት ነው። ጥጃዋን መጀመሪያ አጥብቶ መጨረሻውን ለራሱ የሚጨምቅ ደግሞ ስልባቦቱ ወፍራም የሆነውን ወተት ወደ ቤቱ ያስገባል።

ታልቦ ሲያልቅ ወተቱ ይጨሳል። ከላሚቱ ገላ የወጣው በ38 ወይም በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ነው፤ የሱሉልታ አየር ደግሞ በዚያ ሰዓት ውርጭ ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል። አረፋው ማለቢያው አፍ ድረስ ወጥቷል። አንድ ሲኒ እንዲያቀምሱኝ ስጠይቃቸው እመቤቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ አፍልቼ ነው የምሰጥህ። ጥሬውን ልጆቼም አይጠጡትም።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያልቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ስለ ጥሬ ወተት ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ የሚያፈሉትም ስለሚያውቁ ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። በፊት ግን ስለ ጣዕሙ እንነጋገር።

ገጠር ያደገ ሰው የትኩስ ወተትን ጣዕም አይረሳውም። እረኛ ሆኖ ከጡት ሥር አፉን ከፍቶ የጠጣ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ስሜት ጣፋጭነት ነው፤ ግን ከስኳር ጣፋጭነት ይለያል። የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ነው፤ ጣፋጭነቱም ከተራው ስኳር አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ። ከሥሩ የጨው ጥላ ያለበት ለስላሳ ጣዕም ይከተላል፤ ከዚያ ስቡ አፍን ይሸፍናል። ሙቀቱ ጣፋጩን ያጎላዋል፤ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ወተት ከዚያው ጡት የወጣ ቢሆን እንኳ የጣፈጠ አይመስልም። ሽታው ደግሞ ስስ ነው፤ ትንሽ ሣር፣ ትንሽ የላሚቱ ገላ፣ ከዚያ በላይ ምንም። ትኩስና ንጹሕ ወተት ብዙ አይሸትም። ወተት መሽተት ሲጀምር አንድ ነገር ሆኖበታል ማለት ነው።

የላም ዘርም የራሱ ድርሻ አለው። የአገር ላም በቀን የምትሰጠው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፤ የፈረንጅ ድቃላ ግን በደንብ ከተቀለበች ስምንትና አሥር ሊትር ትሰጣለች። ያነሰው ወተት ይወፍራል። የአገር ላም ወተት ስቡ ብዙ ጊዜ ከመቶ አምስት እጅ ይደርሳል፤ የሆልስታይኑ ሦስት ተኩል ወይም አራት ነው። ቅቤ ነጋዴና ቅቤ አንጣሪ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል፤ ለምን የአገሩ ወተት ቅቤው ቶሎ እንደሚወጣ ብትጠይቋቸው በጥያቄው ይገረማሉ።

አሁን ከደጋው እንውረድ። መተሐራ ላይ ፀሐይ ወደ ፈንታሌ ተራራ ጀርባ ስትዘነበል ፍየሎቹ አቧራ እያስነሱ ይገባሉ። ግልገሎቹ ቀኑን በእሾህ አጥር ውስጥ ተለይተው ውለዋል፤ የእናቶቻቸውን ድምፅ ሲሰሙ አጥሩ በጩኸት ይሞላል። አንዲት የከረዩ እናት ከፍየል ወደ ፍየል እየተዘዋወሩ፣ በአንድ እጃቸው ትንሽ ዕቃ ይዘው፣ በሌላው ከእያንዳንዷ የቻሉትን ያልባሉ። ከአንዲት የቆላ ፍየል በአንድ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ጭብጥ ነው፤ ቤተሰብ የሚጠግበው ከብዙዎቹ ተሰብስቦ ነው። ለሕፃናቱ ሻይ የሚፈላው በዚህ ነው። ወደ ሐረር ከፍ ስንል ደግሞ የቡና ገለፈት ከወተት ጋር እየፈላ ሆጃ ይሆናል።

ከደጋ የሄደ ሰው የፍየል ወተት ሲቀርብለት አፍንጫውን ያስቀድማል። "ይሸታል" ብሎ ያደገ ነውና። በብዙው የደጋ አገር ፍየል የምትረባው ለሥጋና ለገበያ ነው፤ ወተቷ ቢታለብም ለሳል ወይም ለደረት በመድኃኒት መልክ እንጂ ለምግብነት ብዙም አይጠራም። እኔም የቀረበልኝን የፈላ ወተት እንደዚያው አሸተትኩት። ምንም የለም። ቀመስኩት። ከላም ወተት ይቀላል፣ ነጭነቱ ያበራል፣ ጣፋጭነቱ ትንሽ ቀነስ ብሎ ከኋላ ስስ የጨውነት ስሜት ይተዋል። ሽታ ግን የለውም።

ለምን እንደሌለው ስጠይቅ የእመቤቲቱ ልጅ የእናቱን መልስ ተረጎመልኝ። "አውራው ከእነዚህ ጋር አያድርም። ሲታለቡም አይጠጋም። ወተቱም አይቆይም፤ ሲታለብ ይፈላል።"

ሦስቱም ምክንያቶች በኬሚስትሪ ይረጋገጣሉ። የፍየል ወተት ስብ ከላም ይልቅ አጫጭር የስብ አሲዶችን በብዛት ይይዛል። እነዚህ አሲዶች ስቡ ውስጥ ተያይዘው እስካሉ ድረስ ሽታ የላቸውም። ወተቱ ውስጥ ግን ስብን የሚፈታ ሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ። ወተቱ በቆየ ቁጥር፣ በተናጠ ቁጥር፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ በተገለባበጠ ቁጥር የስቡ ጠብታዎች ሽፋናቸው ይቀደዳል፤ ኢንዛይሙም ይገባና አሲዶቹን ነፃ ያወጣል። ሰው "የፍየል ሽታ" የሚለው ያን ጊዜ ይመጣል። ወተት በጀሪካን ተሞልቶ፣ አህያ ላይ ተጭኖ፣ ፀሐይ እየመታው ግማሽ ቀን ሲጓዝ ከዚህ የተሻለ የመበላሸት መንገድ አይገኝም። አውራ ፍየሉ ደግሞ ሌላ ነው። በመራቢያው ወቅት ከራሱና ከአንገቱ የሚወጣው ጠረን በአየር ይጓዛል፤ ፂሙ ላይም ሽንቱን ይረጫል። ወተት ስብ ስላለው በዙሪያው ያለውን ሽታ ይስባል። አውራው በተጠጋበት በረት የታለበ ወተት ከጅምሩ ጠረን ይዞ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ብዙ ደገኛ የሚሸሸው የፍየልን ወተት አይደለም፤ ዘግይቶ የደረሰውን ወተት ነው።

ነጭነቱም ምክንያት አለው። ላም ከሣር የምታገኘውን ቢጫ ቀለም፣ ማለትም ካሮቲኑን፣ ከፊሉን እንዳለ ወደ ወተቷና ወደ ቅቤዋ ታሳልፈዋለች። ፍየል ግን ካሮቲኑን ወደ ቫይታሚን ኤ ትለውጠዋለች፤ ቫይታሚኑ ደግሞ ቀለም የለውም። የፍየል ወተት የስብ ጠብታዎች ከላም ያነሱ ናቸው፤ ጠብታዎቹን አያይዞ ወደ ላይ የሚያወጣቸው ፕሮቲንም ስለሌለ ስልባቦቱ ቶሎ አይሰፍፍም፤ ወተቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል። ሆድ ውስጥ ሲረጋም ልል ይሆናል፤ ለአንዳንድ ሰው የሚቀልለው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን ለእናቶች አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የላም ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉም አይስማማውም፤ ፕሮቲኖቻቸው ይመሳሰላሉና። የፍየል ወተት ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በጣም ያንሰዋል፤ ስለዚህ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጡት ምትክ የሚሰጥ ምግብ አይደለም።

"ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ" የሚለው ተረት የሚነገረው ለችኩል ሰው ቢሆንም የፍየልን አመጋገብ በትክክል ይገልጻል። ላም ሣር ትግጣለች፤ ፍየል ቀና ብላ የግራርን ቅጠልና ቡቃያ ትበጥሳለች። የምትበጥሰውም ጣዕሙን ይወስናል። እንስሳ የበላው ነገር ሽታ ወደ ወተቱ የሚገባው በሆዱ በኩል ብቻ አይደለም፤ በሳንባው የተነፈሰውም ወደ ደም ይገባና በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይደርሳል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የመረረ አረም፣ የኮመጠጠ ገፈራ ሁሉ ወተት ላይ ይታወቃል። አዲስ አበባ ዙሪያ ላሞች በጠላና በአረቄ አተላ፣ በቢራ ፋብሪካ የገብስ ተረፈ ምርትና በፋጉሎ ይቀለባሉ። አተላ የጠጣች ላም ወተቷ አተላ አተላ ሲል ጠጪው ያውቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሽታ ያለውን መኖ ከአለባ በኋላ መስጠት። ብዙ አርቢዎች ያውቁታል፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም።

ምላስ የማይደርስበት የመኖ ጉድለትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ከአሥሩ ዘጠኙ የአፍላቶክሲን መጠናቸው በአውሮፓ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ መሆኑን አሳየ። አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ላም በሻገተ መኖ ስትበላው ተለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል። ጥናቱ ከሁሉ ይበልጥ ጣቱን የጠቆመው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ወሬው ሲሰማ ብዙ ቤት ለልጆቹ ወተት መግዛት አቆመ። ይህ መርዝ አይሸትም፣ ጣዕም የለውም፣ ሲፈላም አይጠፋም። መፍትሔው ያለው በመኖው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ኑግና ኦቾሎኒ በደረቀ ቦታ ሲከማች፣ የሻገተው ሲጣል። ፋጉሎ ነጋዴና መኖ አቀነባባሪ በዚህ ሊጠየቁ ይገባል፤ ገዢ ብርጭቆውን አይቶ ሊያውቀው አይችልምና።

ስለ ዕቃው ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የኢትዮጵያ ወተት ጣዕም ግማሹ ያለው እዚያ ነው። በአማራ ገጠር ቅሉና ማለቢያው በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ የወይራ ፍልጥ ወይም ጥንጁት ተለኩሶ ውስጡ ይገባና አፉ ይታፈናል። ጭሱ ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ከገባ በኋላ ፍሙ ይወጣል፣ አመዱ ይጠረጋል፣ ወተቱ ይገባል። ቦረናዎች ለማለቢያ ኦኮሌ፣ ለማርጊያ ከሥራሥር የተሸመነ ጎርፋ አላቸው፤ እነሱም በየራሳቸው እንጨት ያጥኑታል። ጎርፋው ውስጥ ወተት ላይ ወተት እየተጨመረ፣ አጓቱ እየተቀነሰ ኢቲቱ የተባለው ወፍራም እርጎ ይሆናል፤ ብዙ ቀንም ሳይበላሽ ይቆያል።

ጭሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ውስጡ ያሉት ፌኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች የዕቃውን ባክቴሪያ ይቀንሳሉ፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያዘገያሉ። ሁለተኛው ጣዕሙ ነው። በወይራ የታጠነ ወተት የጠጣ ሰው የካርቶን ወተት አፉን አይሞላውም። ይህን ጣዕም ከማንኛውም አገር አይብና ወተት ጋር ላወዳድረው አልፈራም። ጭስ ግን ማምከኛ አይደለም። የዕቃውን ግድግዳ ያጸዳል እንጂ ወተቱ ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ አይገድልም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ መጥፎ ጅማሬን ይሸፍናል፤ ደካማው ወተት በጥሩ ጭስ ሥር ተደብቆ ያልፋል።

ከአለባ በኋላ ያለው ጉዳይ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው። ወተት ከጡት ሲወጣ ራሱን የሚከላከልበት አቅም አለው። ላክቶፐርኦክሲዴዝ የተባለው ሥርዓት ባክቴሪያዎቹን ለጥቂት ሰዓታት ይዞ ያቆያል። ያ ጊዜ ካለፈ ወተት ለባክቴሪያ የተመቸ ምግብ ነው። ሞቃት ቦታ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናሉ፤ አንዱ ባክቴሪያ በ5 ሰዓት ውስጥ ከ1000 በላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ላክቶሱን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ጣፋጩ ይቀንሳል፣ ኮምጣጣው ይጨምራል። ወተት ወዲያው እስከ 4 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ግን እድገታቸው ይገታል። ትኩስነት የሚባለው እንግዲህ ከአለባ እስከ ማቀዝቀዣ ወይም እስከ እሳት ያለው ርቀት ነው።

ይህ ርቀት እንዴት እንደሚረዝም ለማየት ጠዋት ጫንጮ ወይም ሙከጡሪ መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። አርሶ አደሩ የጠዋቱን ወተት በቢጫ ጀሪካን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በአህያ፣ አንዱ በባጃጅ። ጀሪካን ርካሽና ቀላል ነው፤ ለወተት ግን ጠላት ነው። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ውስጡ በተጫጫረ ቁጥር የትናንቱ ወተት በጭረቱ ውስጥ ያድራል፤ የዛሬውንም ይበክለዋል። የአሉሚኒየም ቢዶን የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን ለአንድ ላም ባለቤት ከባድ ነው። ሰብሳቢው መጀመሪያ ያሸታል። ቀጥሎ እኩል ወተትና አልኮል ቀላቅሎ ያያል፤ ከተጓጎለ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል፤ ይመለሳል። ከዚያ ላክቶሜትሩን ያንሳፍፋል፤ አንድ ሊትር ወተት ከውኃ በጥቂቱ ይከብዳልና፣ 1.03 ኪሎ ገደማ፣ ውኃ የተጨመረበት ቶሎ ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ ማታ የታለበውና ጠዋት የታለበው፣ የጎበዙ አርቢና የሰነፉ አርቢ ወተት አንድ ላይ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ ቅሬታዬ ይጠናከራል። ብዙ ቦታ ዋጋው የሚቆረጠው በሊትር ብቻ ነው። ጡት አጥባ፣ ዕቃ አጥና፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ንጹሕ ወተት ያመጣች ሴት የምታገኘው ብር ማንም እንደነገሩ ካለበው ጋር እኩል ነው። ለስብና ለንጽሕና ልዩ ዋጋ ካልተከፈለ ትኩስ ወተት የሚያመጣው ሰው የሚያመጣው በጨዋነቱ ብቻ ይሆናል። ጨዋነት ግን የመኖ ዋጋን አይችልም።

ከተማው ውስጥም ችግር አለ። የሰፈር ወተት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ብርሃን የወተትን ጣዕም በአጭር ጊዜ ይገድላል። ወተት ውስጥ ያለው ራይቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ብርሃን ሲያገኘው ፕሮቲኑንና ስቡን ያቃጥላል፤ ካርቶን ካርቶን የሚል፣ የተቃጠለ ላባ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ጠጪው "ላሟ ምን በልታ ነው?" ይላል። ላሟ ግን ምንም አላጠፋችም።

አዲስ አበባ ዘመናዊ ወተት ማቀነባበር የጀመረችው ቀደም ብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች መጡ፤ ሾላ ላይ የቆመው ፋብሪካም ስሙን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አስለመደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋብሪካ ተከፍቷል። ሆኖም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚጠጣው ወተት አብዛኛው አሁንም በፋብሪካ በር አያልፍም፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጾሙም ገበያውን ይለውጠዋል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ፣ ገዢው ይጾማል፤ ላሟ ግን ትታለባለች። ያን ጊዜ ወተቱ እርጎ ይሆናል፣ ይናጣል፣ ቅቤውና አይቡ ለፋሲካ ይቀመጣል። በዘመናዊ ማቀዝቀዣ ያልተፈታው ችግር በቅልና በእንሥራ ሲፈታ ኖሯል።

የፍየሉ ወተት ግን ገበያው ገና አልተከፈተም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በሐረርጌና በደቡብ ድሆች ሴቶችን በቡድን አደራጅቶ፣ የአንግሎ ኑቢያን ዘር ከሶማሌ ፍየል ጋር አዳቅሎ ማከፋፈል ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ላም መግዛት የማትችል ሴት ፍየል መግዛት ትችላለች፤ ፍየል ከጓሮ ቅጠል ትኖራለች፤ ሴትዮዋም ከምሽት ራቷ ጋር ለልጆቿ የሚበቃ ወተት ታገኛለች። ሁመራና ወልቃይት አካባቢ ያለው የበጋይት ፍየል ደግሞ ያለ ውጭ ዘር በወተቱ የታወቀ ነው። በአገሪቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፍየሎች አሉ፤ ወተታቸው በከተማ ገበያ ላይ አይታይም።

አሁን የሱሉልታዋ እመቤት ለምን ወተቱን እንዳፈሉት ልንገራችሁ። የዚህ ታሪክ መጀመሪያ ማልታ ነው፤ ተወቃሿም ፍየል ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደሴቲቱ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ወጥቶ በሚመለስ ትኩሳት ይወድቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ባክቴሪያውን ለየው። ከየት እንደመጣ ግን ማንም አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1905 ማልታዊው ሐኪም ቴሚስቶክልስ ዛሚት የደሴቲቱን ፍየሎች ደም መረመረ፤ ጤነኛ የሚመስሉ፣ በጥሩ ሁኔታ የሚታለቡ ፍየሎች በሽታውን በወተታቸው እንደሚያወጡ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ለወታደሮቹ የፍየል ጥሬ ወተት ተከለከለ፤ ታማሚውም በአጭር ጊዜ ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። በሽታው ዛሬ ብሩሴሎሲስ፣ ባክቴሪያውም ብሩሴላ ይባላል።

ዛሚት ያገኘው ለእኛ ዛሬም ይሠራል። በሽታው በአፋር፣ በቦረና፣ በሶማሌና በደጋው ከብቶች መካከል አለ። በሰው ላይ ሲመጣ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ በአዋሽ ሸለቆ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ወባ ወይም ታይፎይድ ይመስለዋል፤ በዚያውም ይታከማል። ትክክለኛው ሕክምና ግን ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ለስድስት ሳምንት ይወስዳል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በጠባብ በረት በተጨናነቁ የፈረንጅ ድቃሎች መካከል ደግሞ የከብት የሳንባ ነቀርሳ አለ፤ እሱም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይገባል። ሁለቱም ወተቱን አያኮመጥጡም፣ እንዲሸት አያደርጉም፣ መልኩን አይለውጡም። ምላሳችን መኮምጠጥን፣ መቆየትን፣ መሽተትን ያውቃል፤ ብሩሴላን አያውቅም።

ጥሬ ወተት የሚወዱ ሰዎች ሲከራከሩ ሲፈላ ጥቅሙ ይጠፋል ይላሉ። ካልሲየሙ፣ ፕሮቲኑና ስቡ አይጠፉም። የሚቀንሰው ጥቂት ቫይታሚን ሲና ከቢ ቫይታሚኖች ከፊሉ ነው፤ ቫይታሚን ሲን ለማግኘት ደግሞ ማንም ወተት አይጠጣም። ጣዕሙ ይለወጣል መባሉ ግን እውነት ነው። ወተት ሲፈላ የአጓቱ ፕሮቲን ይፈታና ከውስጡ ድኝ ያለባቸው ውሁዶች ይወጣሉ፤ የበሰለ ሽታ የምንለው እሱ ነው። ብዙ በፈላ ቁጥር ይባስ ይላል። ፋብሪካ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ፣ ወይም በ63 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት የሚያሞቀው ለዚህ ነው፤ ተሐዋሲው ይሞታል፣ ጣዕሙ ብዙም አይነካም። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው እያማሰለ አንዴ ገንፈል እስኪል ያፍላው፤ ወዲያው ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያስቀምጠው፤ ይክደነው። እሳት ላይ ረስቶ ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ጥቅም የለውም፤ ጣዕሙን ይገድላል፣ ደኅንነት አይጨምርም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሰው ጥሬ ወተት እወዳለሁ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ትኩስነቱን ነው። ሱሉልታ ላይ ከአለባው ግማሽ ሰዓት በኋላ የተሰጠኝ የፈላ ወተት፣ መተሐራም በምሽት የቀመስኩት የፍየል ወተት፣ ከተማ ውስጥ በሃይላንድ ጠርሙስ ካደረው ጥሬ ወተት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ልዩነቱን የፈጠረው የታጠበው ጡት፣ የደረቀው ዕቃ፣ የራቀው አውራና አጭሩ ሰዓት ነው። እሳቱ ከዚህ የወሰደው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ወተት ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። መቼ እንደታለበ፣ በምን ዕቃ እንደመጣ፣ ላሟ ምን እንደበላች ጠይቁ፤ በደንብ የሚመልስላችሁን ሻጭ አትልቀቁት፤ ጥቂት ብር ቢጨምርም ክፈሉት። ፀሐይ ላይ ከተደረደረ ጠርሙስ አትግዙ። የፍየል ወተት በቅርብ ከሚያልብ ሰው ካገኛችሁ ቅመሱት። ከየትኛዋም እንስሳ ቢሆን ግን፣ በተለይ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ፣ ሳታፈሉ አትስጡ።